የግራው ገጽ

ለማሰብ ደሞዝ ይከፈላል ሲባሉ አባቷ አላመኑም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተንበርክከው የሰው ቤት ወለል ሲያነጥፉ የኖሩ ሴራሚክ አንጣፊ ናቸውና፣ ሥራ ማለት ላብ ያለው፣ ሲመሽ ወገብ የሚይዝ ነገር መሆኑን ነው የሚያውቁት። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲው ለሒሳብ ተማሪዎች የክረምት የምርምር ሥራ ማውጣቱን፣ ተወዳድራም ማለፏን ስትነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁት ምን ምን እንደምትሸከም ነበር። ምንም አንሸከምም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን አንዲት ጥያቄ አሥር ሳምንት እናስባለን አለቻቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ እንግዲያው ለእኔም ጋደም ስል ይከፈለኝ ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት።

ልጅቷን ሰው ሁሉ «ውሃ ልክ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት የአባቷ የሥራ ጓደኞች ናቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች አዲስ የተነጠፈ በረንዳ ላይ ቆማ «ወደ በሩ አጋድሏል» አለች፤ ሲለካ እውነትም አጋድሎ ተገኘ። በዚያው ስሟ ሆኖ ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲም ተከትሏት ገባ። ዓይኗ ጠማማ ነገር አያልፍም፣ አፏም ቢሆን አይምርም።

የክረምቱ ሥራ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ አለ። ከአሥሩ ተማሪዎች አንዱ ትምህርት ሲከፈት በረዳት ተመራማሪነት ተቀጥሮ ሁለተኛ ዲግሪውን እዚያው ይቀጥላል። ሌሎቹ ቢያገኙት እሰየው፣ ባያገኙትም ሰማይ አይደፋባቸውም። ለውሃ ልክ ግን ሌላ በር አልነበራትም። የአባቷ ጉልበት ከእንግዲህ ብዙ እንደማያሠራቸው ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል። አጎቷ በአንድ የሴራሚክ መደብር የሻጭነት ሥራ ፈልጎላታል፤ መደብሩም የሚጠብቃት ትምህርት እስኪከፈት ብቻ ነው። አባቷ አስቀምጠው ነገሩን ግልጽ አደረጉላት። ቦታውን ካገኘሽ እኔ እንደምንም እሆናለሁ፤ ካላገኘሽ ግን በሰማይ ያለችውን ላም ወተት ስንጠብቅ አንገኝም አሏት። እሷም እሺ አለች።

ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሠሩት። ሥራውን የሚመሩት ፕሮፌሰር ጸጉራቸው እንደ ጠመኔ የነጣ፣ ቃል የሚቆጥቡ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ወፍራም ደብተር አደሉና ሕጋቸውን ተናገሩ። ከሁለቱ አንዱ ገንቢ ነው፤ በቀኙ ገጽ እውነት ነው ያለውን ይጽፋል። ሌላው አፍራሽ ነው፤ የተጻፈውን ለማፍረስ ቀኑን ሙሉ ይታገላል። ቀዳዳ ካገኘ በግራው ገጽ ቀዳዳውን ይጽፋል፤ ካጣ ደግሞ «ማፍረስ አልቻልኩም» ብሎ ይፈርማል። በግራው ገጽ ሌላ ነገር አይጻፍም።

«ሰው የገዛ ጀርባውን አያይም» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ስለዚህ ጀርባችሁን የሚያይላችሁ ሰው ሰጥቻችኋለሁ። ከተዛዘናችሁ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ።»

ለውሃ ልክ የደረሳት አፍራሽ የአንዲት ዳኛ ልጅ ነበር። እናቱ በከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚያስችሉ ዳኛ፣ አባቱ የቀዶ ጥገና ሐኪም ናቸው። ልጁ ራሱ ነገር ሲጀምር «እንደተረዳሁት ከሆነ» ማለት ስለሚወድ ጓደኞቹ «ክቡርነቱ» ይሉታል። መጀመሪያ ስታየው፣ ይህ ቅምጥል ደግሞ ምን ያፈርሳል ብላ ናቀችው።

ሳምንት ሳይሞላ አፈረሰባት። «ገጽ ሦስት፣ መስመር አምስት፤ ይህ የሚሠራው ወለሉ ሰፊ ሲሆን ብቻ ነው።» ይኸው ነው፤ ይቅርታ የለ፣ ማባበያ የለ። መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ተመልሳ መስመሩን አስተካከለች። እንደገና አፈረሰባት፤ እንደገና ገነባች። ከእሱ በፊት የምታውቃቸው ወንዶች ወይ ጎበዝ ነሽ ይሏታል፣ ወይ አይሰሟትም። የጻፈችውን ከቁም ነገር ቆጥሮ ቀኑን ሙሉ የታገለው አንድም አልነበረም። አንድ ማለዳ የግራውን ገጽ ለማየት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወጣ ራሷን ያዘችው። ወይ ጉዴ አለች በልቧ፤ ወደድኩት ማለት ነዋ።

የሚሠሩበት ጥያቄ የንጣፍ ጥያቄ ነበር። ሰባት ትንንሽ ካሬዎች ተጣብቀው የሚሠሩት፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጉብታ ያለው ቅርጽ አለ፤ እነሱ «ግመሏ» ይሉታል። አራት ማዕዘን የሆነ ወለል በግመሎች ብቻ ያለ አንዳች ክፍተት ሲሸፈን፣ የግመሎቹ ቁጥር ጎዶሎ ሊሆን ይችላል ወይ? አይችልም ነው የውሃ ልክ መልስ። ግመል ብቻዋን አትሄድም፤ እያንዳንዷ የምትጣመራት ሌላ ግመል አለቻት፤ ስለዚህ ምንጊዜም ለሁለት ይካፈላሉ። አባቷ ነገሩን ሲሰሙ ከትርፍራፊ ሴራሚክ አርባ ግመል ቆርጠው፣ ጠርዛቸውን አለስልሰው ሰጧት። ፊታቸው ነጭና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጀርባቸው ቡናማና ሻካራ። ሁለቱም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍላቸው፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እነዚህን ሲያነጥፉና ሲያነሡ ከረሙ።

ማረጋገጫው በስምንተኛው ሳምንት ተጠናቀቀ። በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ክቡርነቱ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አንዷን ግመል በጀርባዋ ገልብጦ በእርሳስ ሲጽፍባት አገኘችው። እሷን ሲያይ ድንግጥ ብሎ ግመሏን መለሳት፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ምን እየጻፍክ ነው አላለችውም፤ እሱም አልነገራትም። ያን ዕለት በግራው ገጽ «ማፍረስ አልቻልኩም» ብሎ ፈረመና ቶሎ ወጣ።

ሰው ሲወድ የማይመስለው ነገር የለም። ውሃ ልክ ያቺን የእርሳስ ጽሑፍ ሁለት ሳምንት በሆዷ ይዛ ዞረች። ስሜን ጽፎ ይሆናል አለች፤ ወይም በአፉ ሊናገር ያልደፈረውን። ገልብጣ ማየት ትችል ነበር፤ ግን ልጅ ከረሜላ ኪሱ ውስጥ እንደሚያቆይ ሥራቸውን ለገምጋሚዎች እስከሚያቀርቡበት ገለጻ ዋዜማ ልታቆየው ፈለገች። እሱ ከዚያ ቀን ወዲህ ዝምታ አበዛ፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ቀድሞ ዓይኑን ይሰብራል። ይህንንም ለፍቅሩ ቆጠረችለት።

በዚያው ሰሞን ቤቱ ወስዶ ከእናቱ ጋር አስተዋወቃት። ሳሎን ስትገባ ወለሉን አወቀችው፤ የአባቷ እጅ ነው። ዳኛዋ አባትሽ ምን ይሠራሉ ሲሏት ወደ እግሯ ሥር አመለከተችና ይህንን ነዋ አለቻቸው። ዳኛዋ ክፉ ሴት አይደሉም። ጎበዝ ባለሙያ ናቸው፤ ሁለቴ አስፈርሻቸዋለሁ፣ በሦስተኛው ግን እንከን አጣሁበት አሉ። ልጃቸው ግን እስከ ጆሮው ቀላ፤ ሲሸኛትም መንገዱን ሁሉ ይቅርታ ሲጠይቃት ሄደ። ለምን ይቅርታ እንደሚጠይቃት አልገባትም ነበር።

ገለጻው ነገ ነው ተባለ። ክቡርነቱ ለገምጋሚዎቹ የሚታደለውን ጽሑፍ ሊያሳትም ወረደ፤ ውሃ ልክ ብቻዋን ቀረች። በመስኮቱ የገባው የከሰዓት ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። በሩን ዘጋች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ግመሎቹን አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመረች።

የመጀመሪያዋ ባዶ ናት። ሁለተኛዋም ባዶ ናት። ሦስተኛዋ ጀርባ ላይ የክቡርነቱ የእጅ ጽሕፈት ወጣ። የተጻፈው ግን ስሟ አልነበረም፤ «14» የሚል ቁጥርና አንዲት ትንሽ ቀስት ነው። ሌላዋ ላይ «3»፤ ሌላዋ ላይ «9»፣ ዙሪያው ተከቦ። ከአርባዎቹ ሃያ አንዱ ቁጥር አላቸው። ከሃያ አንዱ ደግሞ ስምንቱ ላይ ቁጥሩ በክብ ታጥሯል። ፍቅረኛ ነገር አዋቂ ሆኖ በምስጢር ቋንቋ ጻፈልኝ ብላ ፈገግ እንዳለች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ማንጠፍ ጀመረች፤ ቀስቱ በሚያመለክተው በኩል፣ ክብ ያለባቸው አልገጥም ሲሏት ደግሞ በፊታቸው ደፍታ።

መድፋቱ ላይ እጇ እምቢ አላት። በእነሱ ቤት ሴራሚክ ተደፍቶ አይነጠፍም። አንድ ጊዜ በልጅነቷ ስትጫወት ገልብጣ ደርድራ አባቷ «ፊት ያለው ነገር በፊቱ አይደፋም» ብለው መልሰውባታል። ከዚያ ወዲህ ሴራሚክ ሲነሣ ሐሳቧ የሚያየው ነጩን ብቻ ነው። የጥያቄው ወረቀት ላይ ግን ፕሮፌሰሯ በመጀመሪያው ቀን «ማዞርም መገልበጥም ይፈቀዳል» ብለው ጽፈዋል። አንብባዋለች፤ በእጇ ግን አንድም ቀን አላደረገችውም።

ሃያ አንደኛዋ ግመል የቀረችው ቦታ ውስጥ ልክክ ብላ ገባች። አራት ማዕዘኑ ሞላ፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ክፍተት የለው፣ የተረፈ የለው። ሃያ አንድ ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ነው። የክረምቱ ሥራዋ በሙሉ ነጭና ቡናማ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ፈርሶ ተኝቷል። ውሃ ልክ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

ክቡርነቱ ከማተሚያው ገና ትኩስ የሆነውን ወረቀት ታቅፎ ገባ። ጠረጴዛውን አየ፣ እሷን አየ፣ ወረቀቱን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«መቼ አየሽው?» አላት።

«አንተ መቼ አየኸው?»

እሷ ደብተሩን ገልጣ የዚያን ማክሰኞ የግራ ገጽ አሳየችው። ማፍረስ አልቻልኩም ይላል፤ ፊርማም አለበት።

ቀስ ብሎ ተናገረ፤ እንደተረዳሁት ከሆነ አላለም። ቦታው ለእኔ ባገኘውም ባላገኘውም ነው፤ ላንቺ ግን ሕይወትሽ መሆኑን አውቃለሁ አላት። ገምጋሚዎቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ አያዩትም፤ ቦታውን ከያዝሽ በኋላ ቀስ ብለን አብረን እንጠግነዋለን ብዬ ነበር አለ። ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ አለ።

«ደግሞ ለምን እንደሳትሽው ሲገባኝ አፌ ተያዘ» አላት። «ሴራሚክ ፊት አለው። አንጣፊ አይገለብጠውም። እና ምን ብዬ ልጻፍ? ስህተቷ የአባቷ ልጅ መሆኗ ነው ብዬ ልጻፍ?»

«አዎ። እንደዚያ ብለህ መጻፍ ነበረብህ።»

«አሳዘንሽኝ።»

ከሁሉ የመታት ይህ ቃል ነው። ተነሥታ ቆመች።

«እናትህ አባቴን ሁለቴ አስፈረሷቸው» አለችው። «ያን ቀን አባቴ ቤት መጥተው ምን እንዳሉን ልንገርህ? ጠማማ ነበር፣ አስፈረሱኝ፣ አስተካከልኩት ነው ያሉት። አልከፋቸውም። እናትህ ያዩዋቸው እንደ ባለሙያ ነው። አንተ ዘጠኝ ጊዜ አፍርሰህብኛል። ዘጠኙንም ቀን ወድጄሃለሁ። በአሥረኛው አዘንክልኝ።»

እወድሻለሁ አላት። ክረምቱን ሙሉ ልትሰማው ስትመኝ የከረመችው ቃል በዚህ ሰዓት መጣ። አውቃለሁ፣ ክፋቱ እሱ ነው አለችውና ሃያ አንዱን ግመሎች ከረጢቷ ውስጥ ከታ ወጣች። ደረጃው ላይ ከረጢቱ እየከበዳት እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ወረደች።

አባቷ በረንዳ ላይ ጉልበታቸውን በሞቀ ጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ገና አልመሸም። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ አባዬ ሴራሚክ ደፍተው አንጥፈው ያውቃሉ ብላ ጠየቀቻቸው። ምን አስክሮኝ አሉ። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ግመሎቹንም በረንዳው ላይ አንጥፋ አሳየቻቸው። አባቷ ቡናማዎቹን ሲያዩ ፊታቸውን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨፈገጉ።

«ሳይገለበጡ ቢሆንስ?» አሉ። «እኛ እንደምናነጥፈው፣ ፊት ፊታቸውን ብቻ?»

ውሃ ልክ በሐሳቧ ገጾቹን ከመጀመሪያው ጀምራ ተመለከተች። ፊታቸው ወደ ላይ ብቻ ከሆነ ግን እያንዳንዷ ግመል ጥንዷን ታገኛለች።

«ይቆማል መሰለኝ» አለች።

እንግዲያው ወለሉ አልፈረሰም አሉ አባቷ፤ አንቺ የለካሽው ሰፊ ክፍል ነው፣ ያነጠፍሽው ግን ጠባቡን ነው፤ ሄደሽ ክፍሉ ይህን ያህል ነው በይ። ቦታውስ ስትላቸው፣ ቦታውን ይዘሽ ውሸት ላይ ከምትቆሚ መደብር ውስጥ ብትቆሚ ይሻለኛል አሏት። ይህን ሲሉ ፊታቸው አልተለወጠም፤ ጉልበታቸውን የያዘው እጃቸው ግን ጠበቅ አደረገው። ስለ ልጁ ምንም አላሉም ነበር። ልትነሣ ስትል ግን አንዷን ግመል አንሥተው በአውራ ጣታቸው ጀርባዋን አሻሹና፣ እርሳስ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል እኮ፤ መደበቅ የቆረጠ ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይጠርገው አይተወውም አሉ። ውሃ ልክ ይህን መስማት አልፈለገችም፤ ግን ሰማችው።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ አምስት ገምጋሚዎች በፊት መደዳ ተቀምጠዋል፤ ፕሮፌሰሯ መሐል ናቸው። ውሃ ልክ ወጥታ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ የታተመው ነገር እውነት አይደለም አለች። ጠረጴዛ አስቀርባ ሃያ አንዱን ግመሎች አነጠፈቻቸው። አንዱ ገምጋሚ ሊያይ ከወንበሩ ተነሣ፤ ከኋላ ያሉት ተማሪዎችም ተንጠራሩ። ከዚያ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ተናገረች። እኔ የሴራሚክ አንጣፊ ልጅ ነኝ፣ ሴራሚክ አይደፋም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ ሳይታወቀኝ ያረጋገጥሁት ፊት ስላላቸው ንጣፎች ነው አለች። ስትናገረው አላፈረችም፤ ራሷንም ገረማት።

«ይህን ያፈረሰው ማነው?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

አፍራሼ ነው አለች ውሃ ልክ። መቼ እንዳፈረሰው አልተናገረችም። ደብተሩ ፕሮፌሰሯ ፊት ተዘግቶ ተቀምጧል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልፍ ይችል ነበር።

ክቡርነቱ ከኋላ ተነሣ። ያፈረስኩት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ግን አልቻልኩም ብዬ ፈረምኩ፤ እሷ አታውቅም ነበር አለ። ወደ ፊት መጥቶ ደብተሩን ገለጠና፣ ሰው ሁሉ እያየው ያንን የማክሰኞ ፊርማ ሰረዘ። ወደ ወንበሩ ሲመለስ ዓይኗ ውስጥ አንድ ጊዜ አያት፤ በዚህኛው ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም። ያን ቀን ልትጠላው ወስና ነበር የመጣችው፤ ውሳኔዋ በዚያች አፍታ ላላ።

ፕሮፌሰሯ አላጨበጨቡም፣ አልተቆጡም። ክቡርነቱን ከውድድሩ አወጡት። ለውሃ ልክ ደግሞ፣ ፊት ስላላቸው ንጣፎች ያልሽው ገና ወሬ ነው፣ ከመጀመሪያው ተጽፎ ይምጣ አሏት። ቦታው የሚዘጋው ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው፤ ሃያ ቀን አለሽ። ደብተሩ ግን የግራ ገጹ ካልተሞላ አልቀበልም አሉ። አፍራሽ ከየት አመጣለሁ ብትላቸው፣ ጀርባሽን የሚያይልሽ ሰው አንቺው ፈልጊ ብለው ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ሌሎቹ ጥንዶች ሻንጣቸውን እያነሡ ተበተኑ፤ ውሃ ልክ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ደብተሩን አቅፋ ለብቻዋ ቀረች።

ሦስት ቀን ኩራቷ ከእሷ ጋር ዋለ። ጽፋ ስትጨርስ ራሷ ልታፈርሰው ሞከረች፤ ግን ሁሉም መስመር እውነት መሰላት። የገዛ ጀርባዋን ማየት አልቻለችም። በአራተኛው ቀን ደብተሩን በወረቀት ጠቅልላ ለክቡርነቱ ላከችለት። ሰላምታ አልጻፈችም፤ በጥቅሉ ላይ «አፍርስ» የሚል ቃል ብቻ አለ።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ደብተሩን ይዘው ከበር ተመለሱ። ያ የዳኛዋ ልጅ ነው ያመጣው አሉ፤ ግባ ብለው አልገባም አለ። ውሃ ልክ የግራውን ገጽ ገለጠች።

«ገጽ ሁለት፣ መስመር ሦስት፤ ስህተት ነው። ጥጉን ረስተሽዋል።»

ሌላ ምንም የለም፤ ናፈቅሽኝ የለ፣ ይቅርታ የለ። መስመሩን አየች፤ እውነትም ጥጉን ረስታዋለች። ተናደደች፣ እርሳሷን ወረወረች። ከዚያ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሳቅ ያዛት፤ እንባዋም አብሮ መጣ። አባቷ ይህች ልጅ ለይቶላታል ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እንዲሁ ሆነ። እሷ ማታ አስተካክላ ደብተሩን በር ላይ ታኖራለች፤ እሱ ወስዶ በማግስቱ ያመጣዋል። ይህ ልጅ ፖስታ ቤት ተቀጠረ እንዴ ይላሉ አባቷ። አንድ ቀን ጢሙን ሳይላጭ መጣ ብለው ነገሯት፤ አንድ ቀን ደግሞ ጉልበትዎ እንዴት አደረ ብሎ ጠየቀኝ አሉ። እሷ በመስኮት ጀርባውን ሲሄድ ታየዋለች እንጂ አንድም ቀን አልወጣችም። በግራው ገጽ ስምንት ጊዜ አፈረሰባት። አንዱ ከሌላው የከፋ ነው፤ አምስተኛው እንዲያውም ከግማሽ በላይ አስደረመሰባት። አንዲት የማባበያ ቃል ግን አላስገባም። በስምንቱም ቀን ምን እንደተሰማት እሷ ታውቃለች።

ቦታውን ያገኘችው በሃያኛው ቀን ነው። ፕሮፌሰሯ ደብተሩን ቆመው ከዳር እስከ ዳር አነበቡ፤ ከቀኙ ይልቅ ግራው ገጽ ላይ ብዙ ቆዩና ስሟን ቅጹ ላይ ጻፉት። አባቷም ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ለማሰብ ተቀጠረች እያሉ ሲያወሩ ሰነበቱ። ይህ ግን ኋላ የሆነ ነው። እሷ ሁልጊዜ የምታስታውሰው የአሥራ ዘጠነኛውን ቀን ጠዋት ነው።

ያን ጠዋት አባቷ ሦስት ቀን ሳይመለስ የቆየውን ደብተር ሲሰጧት ምንም አልቀለዱም። ገለጠችው። በግራው ገጽ አንድ መስመር አለ።

«ማፍረስ አልቻልኩም።»

ከሥሩ ፊርማው አለ። ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ እጅ ተጽፎ፣ አንድ ጊዜ አንብባዋለች። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ባዶ ነው። ባዶ እግሯን ወደ በሩ ሄደች። ክቡርነቱ አልሄደም ነበር፤ አባቷ ካነጠፉት ደፍ ውጪ ጫማውን እያየ ቆሟል። ዓይኑ እንቅልፍ ባጣ ሰው ዓይን ቀልቷል።

«እውነትህን ነው?» አለችው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ታገልኩት» አላት። «ባፈርሰው ኖሮ እጽፈው ነበር። ቦታው ቢቀርብሽም እጽፈው ነበር።»

ፊቱን አየችው። ዓይኗ ጠማማ ነገር የማያልፍ ውሃ ልክ፣ ከላይ እስከ ታች አየችውና አመነችው። ደፉን ተሻግራ እጁን ያዘችው።